መንፈሳዊው ድምፅ በዓለማዊው መድረክ



በአማርኛ «ዘፈን» እና «መዝሙር» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ዘፋኙ ሌላ ነው፤ ዘማሪውም ሌላ። ሁለቱን የሚለያቸው ድምፃቸው ወይም የሚጠቀሙበት መሣሪያ ሳይሆን የሚቆሙበት ስፍራና የሚያዜሙለት ዓላማ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው አሜሪካዊ ግን በጸሎት ቤት የሚያዜመውንም፣ በመጠጥ ቤት የሚያንጐራጕረውንም በአንድ ቃል ሊጠራቸው ይችላል። ቋንቋው ድንበር አላበጀም ማለት ግን ሕዝቡ ድንበር የለውም ማለት አይደለም። የአሜሪካ መዝናኛ ታሪክ በአመዛኙ ይህን በቃል ያልተሠመረ ድንበር የተሻገሩ ሰዎች ታሪክ ነው።

የዚህ ንግግር ርእስም ይኸው ነው፤ የክርስትና ተጽዕኖ በአሜሪካ የሕዝብ መዝናኛ ውስጥ እንዴት አደገ፣ ዕድገቱስ ለጥበብ ሰው ምን አስገኘለት፣ ምንስ አስከፈለው? ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጕዳዩ ዛሬ የሚነሣበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ2025 የብራንደን ሌክና የፎረስት ፍራንክ መንፈሳዊ ዜማዎች ቢልቦርድ የተባለው የሙዚቃ ንግድ መጽሔት ከመላው አገሪቱ ዘፈኖች በሚመርጣቸው መቶዎች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። በዚያው ዓመት የንጉሥ ዳዊትን ታሪክ የሚተርክ ተከታታይ ድራማ በታላቁ ነጋዴ በአማዞን የፊልም ማሠራጫ ቀርቧል። እነዚህን የሚመለከት ሰው «ይህ ሁሉ ከየት መጣ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሱ ግን አንድ አይደለም። ክርስትና ወደ ሕዝብ መዝናኛ የገባባቸው መንገዶች ቢያንስ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱንም አንድ አድርጎ መመልከት ወደ ስሕተት ይመራል።

የመጀመሪያው የቁጥጥር መንገድ ነው። በ1930 የአሜሪካ የፊልም አምራቾች ለራሳቸው ሥራ የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። ደንቡን ያረቀቁት ዳንኤል ሎርድ የተባሉ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህንና ማርቲን ኲግሊ የተባሉ ካቶሊካዊ አሳታሚ ነበሩ። ደንቡ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በወጉ ሳይከበር ቆየ። በ1934 ግን የካቶሊክ ጳጳሳት ያቋቋሙት «የጨዋነት ሌጌዎን» የተባለው ማኅበር ምእመናን ነውረኛ ከተባሉ ፊልሞች እንዲርቁ ቃል ማስገባት ሲጀምር፣ ኩባንያዎቹ ገቢያቸው እንዳይነጥፍ ሠግተው በጆሴፍ ብሪን ኀላፊነት ደንቡን አጠበቁት። ከዚያ ወዲህ ፊልም ከመታየቱ በፊት መመርመር ነበረበት። የሃይማኖት አገልጋይ መሣቂያ ወይም እኩይ ገጸ ባሕርይ ሆኖ እንዳይቀርብም ተከለከለ።

በዚያ ዘመን «ዐሠርቱ ትእዛዛት» በ1956፣ «ቤን ኸር» ደግሞ በ1959 ወጥተው ሲኒማ ቤቶችን አጨናነቁ፤ «ቤን ኸር» አሥራ አንድ የኦስካር ሽልማት አገኘ። ይሁን እንጂ ተመልካቹን የሳበው ሃይማኖቱ ብቻ ነበር ለማለት አይቻልም፤ የባሕሩ መከፈልና የሠረገላው እሽቅድድም ለዐይን ታላቅ ትርኢት ነበሩ። ደንቡም ቢሆን የሚችለው መከልከልን ብቻ ነበር። አንድ ሰው ክፉ ነገር እንዳይቀርጽ ሊያግደው ይችላል፤ ቅዱስ ነገር እንዲያይ ግን ዐይን ሊያበጅለት አይችልም። በ1952 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የሮቤርቶ ሮሴሊኒ «ተአምር» የተባለ ፊልም ባስነሣው ክርክር፣ ሲኒማ እንደ ማንኛውም ንግግር የሕገ መንግሥት ጥበቃ እንዳለው ወሰነ። በ1968 ደግሞ አሮጌው ደንብ ተሽሮ ፊልሞችን በተመልካች ዕድሜ መመደብ ተተካ። በቁጥጥር የተገኘው ተጽዕኖም አብሮ ተነሣ።

ሁለተኛው የዜማ መንገድ ነው። ይህኛው ማንም ሳያዝዘው፣ እንዲያውም ብዙዎች እየከለከሉት የተከፈተ ነው። በ1920ዎቹ ቶማስ ዶርሲ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ፒያኖ ተጫዋች «ጆርጂያ ቶም» በሚል ስም በየመሸታ ቤቱ ብሉዝ ይጫወት፣ ዝነኛይቱን ማ ሬይኒንም ያጅብ ነበር። ያን የብሉዝ ስልት ከጸሎት ቃል ጋር አዋሕዶ ወደ ጸሎት ቤት ይዞት ሲገባ ብዙ ሰባክያን በራቸውን ዘጉበት። በ1932 ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ሳለ ሚስቱ በወሊድ ሞተች፤ የተወለደውም ሕፃን ወዲያው ተከተላት። ዶርሲ ከዚያ ሐዘን ውስጥ እጁን እንዲይዘው ጌታን የሚማጸን መዝሙር ደረሰ። ይኸው መዝሙር በ1968 በማርቲን ሉተር ኪንግ የቀብር ሥርዐት ላይ በማሄሊያ ጃክሰን ድምፅ ተሰማ። ዛሬ ጎስፔል የሚባለው የዜማ ዐይነት አባቱ ማን ነው ቢባል የሚጠራው የቀድሞው የመሸታ ቤት ተጫዋች ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይሄድ ጀመር። ሲስተር ሮዜታ ታርፕ ኤሌክትሪክ ጊታሯን ታጥቃ መዝሙሯን ወደ ምሽት ክበብ ወሰደች፤ ምእመናን ተቀየሟት። ሬይ ቻርልስ በ1954 የጎስፔልን ዜማ ለሴት ፍቅር አዋለው፤ ሃይማኖተኞች ነቀፉት። ከሁሉ የሚያሳዝነው የሳም ኩክ ሁኔታ ነው። ይህ ወጣት «ሶል ስተረርስ» በተባለው የመዘምራን ጓድ ውስጥ የምእመናን ዐይን ማረፊያ ነበር። ዓለማዊ ዘፈን ሲያስቀርጽ የሚመጣበትን ያውቅ ስለ ነበር በ1957 የወጣችውን የመጀመሪያዋን ሸክላ ስሙን ቀይሮ «ዴል ኩክ» ብሎ አወጣት። ድምፁን ግን መቀየር አልቻለምና አድማጩ ወዲያው ዐወቀው። በዚያው ዓመት ጓዱን ለቆ በራሱ ስም ያወጣው ዘፈን በመላው አሜሪካ አንደኛ ሆነ። በጸሎት ቤት የተማረው የድምፅ አወጣጥም ከእርሱ ወደ ተከታዮቹ ዘፋኞች ሁሉ ተላለፈ።

እንግዲህ ጥልቁ ተጽዕኖ ይህ ነው። ዛሬ አንድ የአሜሪካ ዘፋኝ በአንድ ቃል ላይ ድምፁን እያወጣና እያወረደ ሲያሽሞነሙነው፣ ተሰብሳቢውም ሲመልስለት የሚሰማው ሥርዐት ከጥቁሮች ጸሎት ቤት የወጣ ነው። ዘፋኙ ቢያምንም ባያምንም ይህን ይወርሳል። በ1972 አሬታ ፍራንክሊን ከዓለማዊው ዝናዋ ጫፍ ላይ ሳለች በሎስ አንጀለስ በአንድ የባፕቲስት ጸሎት ቤት ለሁለት ሌሊት መዝሙር አስቀረጸች፤ አልበሙም ከሥራዎቿ ሁሉ በብዛት ከተሸጡት አንዱ ሆነ። በዚያ ስፍራ ዲሬክተር ሲድኒ ፖላክ ፊልም አንሥቶ ነበር። ነገር ግን ምስሉንና ድምፁን ለማገጣጠም በየቀረጻው መጀመሪያ የሚመታው ሰሌዳ ስላልተመታ ሁለቱ ሊገጥሙ አልቻሉም። ፊልሙ ተጠናቆ ለሕዝብ የታየው ከአርባ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ አሬታ ባረፈችበት ዓመት ነው። ለሙያ ሰው ይህ ትምህርት አለው፤ የመንፈስ ኀይል ሞልቶ በተትረፈረፈበት ክፍል ውስጥ እንኳ ያልተመታች አንዲት ሰሌዳ ሥራውን ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ልታስቀረው ትችላለች።

ሦስተኛው መንገድ ምእመናን ራሳቸው የሠሩት የንግድ መንገድ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ ጠጕራቸውን ያስረዘሙ፣ ከአደንዛዥ ዕፅ ኑሮ የተመለሱ ወጣቶች ጊታራቸውን ይዘው ወደ ጸሎት ቤት ጎረፉ። ላሪ ኖርማን በ1969 ባወጣው ሸክላ ሮክን ከወንጌል ጋር አጣመረ፤ በ1971 ደግሞ ከካልቨሪ ቻፕል ጸሎት ቤት «ማራናታ» የተባለው የሙዚቃ ማሳተሚያ ተወለደ። ሮክን የሰይጣን ዜማ የሚሉ ሰባክያን ብዙ ነበሩ፤ ዓለማዊውም የሬዲዮ ጣቢያ ስለ ኢየሱስ የሚያዜመውን አይፈልገውም ነበር። በሁለቱ መካከል የቆሙት እነዚህ ወጣቶች የራሳቸውን ሸክላ ቤት፣ የራሳቸውን ሬዲዮ፣ የራሳቸውን ሽልማት ይዘው አደጉ። ሸክላዎቹም የሚሸጡት በመንፈሳዊ መጻሕፍት መደብሮች ነበር።

ይህ ገበያ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የሽያጭ መዝገብ ውስጥ በሚገባ አይታይም ነበር፤ ቈጣሪዎቹ ወደ መንፈሳዊ መደብሮች አይሄዱምና። በ1995 ቈጠራው እነርሱንም ሲጨምር መንፈሳዊ አልበሞች በዝርዝሩ ላይ በአንድ ጊዜ ብቅ ብቅ አሉ። ስለዚህ ዕድገት ከተባለው ውስጥ ከፊሉ አዲስ ዕድገት ሳይሆን የነበረው መታየቱ ነው። ነጋዴው ግን ከቈጣሪው ቀድሞ ነበር፤ ታላላቆቹ ዓለማዊ ኩባንያዎች መንፈሳዊዎቹን ሸክላ ቤቶች መግዛት የጀመሩት ገና ከ1970ዎቹ አንሥቶ ነው።

በፊልም በኩል ትልቁ መታጠፊያ 2004 ነው። ሜል ጊብሰን የክርስቶስን ሕማማት ከራሱ ኪስ ሠላሳ ሚሊዮን ያህል ዶላር አውጥቶ በአራማይክ፣ በዕብራይስጥና በላቲን ቋንቋዎች ሠራው። ታላላቆቹ ስቱዲዮዎች ሊያከፋፍሉት አልወደዱም። እርሱ ግን ፊልሙን አስቀድሞ ለፓስተሮችና ለካህናት አሳየ፤ አብያተ ክርስቲያናትም ትኬቱን በጅምላ ገዙ። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከስድስት መቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በሌላ በኩል፣ የአይሁድ ድርጅቶች በፊልሙ ውስጥ አይሁድ የተሣሉበት ሁኔታ አሮጌውን ጥላቻ ይቀሰቅሳል ብለው ተቃወሙት። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም፤ የገቢው ብዛትም ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊሆን አይችልም።

ሆሊዉድ ትምህርቱን ወዲያው ቀሰመ። ፎክስ በ2006፣ ሶኒ በ2007 ለምእመናን ብቻ የሚሠሩ ክፍሎች አቋቋሙ። በጆርጂያ ግዛት በአልባኒ ከተማ የሚገኝ አንድ የባፕቲስት ጸሎት ቤት በበኩሉ በምእመናን ነጻ አገልግሎት ፊልም ይሠራ ጀመር፤ በ2008 በአምስት መቶ ሺህ ዶላር ያህል የሠራው «ፋየርፕሩፍ» ከሠላሳ ሚሊዮን በላይ አስገኘ። በ2017 ዳላስ ጄንኪንስ የተባለው ዲሬክተር የሠራው የሲኒማ ፊልም ገበያ አጥቶ ሲከስር፣ ለጸሎት ቤቱ የገና በዓል ስለ እረኞች የሠራት አጭር ፊልም ግን በኢንተርኔት ተሠራጭታ እጅግ ብዙ ተመልካች አገኘች። ከዚህ የተነሣ ከ16,000 በላይ ሰዎች አክሲዮን ገዝተው ከአሥር ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡ፤ የክርስቶስንና የደቀ መዛሙርቱን ታሪክ የሚተርከው «ዘ ቾዝን» የተባለው ተከታታይ ድራማም በ2019 ጀመረ። በጅምሩ ተመልካቹ በነጻ ያይ፣ የወደደም ለሚቀጥለው ተመልካች ይከፍል ነበር።

የዚህ ሦስተኛ መንገድ ትርፍ ሊካድ አይገባም። ተዋናዩ፣ መብራት ሠሪውና ሙዚቀኛው ሥራ አገኙ። ለረጅም ጊዜ በስክሪኑ ላይ ራሱን የማያይ፣ ካየም መሣቂያ ሆኖ የሚያይ የኅብረተሰብ ክፍል የራሱን ሕይወት አየ። ጥቂት ስቱዲዮዎች ብቻ የሚወስኑበት ሥራም ሌላ በር ተከፈተለት።

ዕዳውም ግን አብሮ ሊቈጠር ይገባል። ከፋዩና ፈራጁ አንድ ሰው በሚሆኑበት ጊዜ የጥበብ ሰው እጅ ይታሰራል። በ«ፋየርፕሩፍ» ውስጥ የባልን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ኪርክ ካሜሮን ከራሱ ሚስት በቀር ሌላ ሴት አልስምም ስላለ፣ በመጨረሻው ትዕይንት ላይ የእርሱ ሚስት የተዋናይቱን ልብስ ለብሳ በጥላ ውስጥ ተሳመች። የሰውየው ታማኝነት ሊከበር የሚገባው ነው፤ ማንም ሊሥቅበት አይገባም። ነገር ግን አንድ ተዋናይ በራሱ ኅሊና ላይ የሣለው መሥመር የገበያው ሁሉ ደንብ ቢሆን ምን ይከተላል? በዚህ ገበያ በብዛት የሚሠሩትን ፊልሞች የተመለከተ ሰው፣ የሚጠራጠረው ገጸ ባሕርይ ከመጨረሻው ትዕይንት በፊት ጥርጣሬው ሲወልቅለት፣ የሚቃወመው ደግሞ ክፉ ወይም ሞኝ ሆኖ ሲቀርብ ያያል። ገዢው የሚፈልገው እንዲህ ነውና። ዶርሲ በ1932 የጻፈው መዝሙር የተወለደው ግን መጽናናት ከሌለው ሐዘን ነበር፤ በዚያን ቀን አስቀድሞ ገንዘብ የከፈለ ሰው አልነበረም።

የአሮጌው ደንብ ጥላ እዚህ ላይ ተመልሶ ይታያል። በ1934 የሚከለክለው መርማሪው ነበር፤ ዛሬ የሚከለክለው ደንበኛው ነው። ለምሳሌ ኤሚ ግራንትን መጥቀስ ይበቃል። በ1982 ያወጣችው መንፈሳዊ አልበም ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጦላት ሲያበቃ፣ በ1991 ስለ ፍቅር የዘፈነችው ዘፈን በአገሪቱ አንደኛ ሲወጣ ብዙ ምእመናን ከዳችን ብለው አጕረመረሙባት። ሳም ኩክ ስሙን ከቀየረበት ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመት አልፎ ነበር፤ ወቀሳው ግን ያው ነበር።

የኢትዮጵያም ልምድ ከዚህ ጋር የሚገናኝበት ስፍራ አለ። በ1963 በአዲስ አበባ ሥራውን የጀመረው፣ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ስብከትን ከዜና፣ ከትምህርትና ከሙዚቃ ጋር እያቀረበ ከአገሪቱ አልፎ ብዙ አድማጭ አፍርቶ ነበር። በመጋቢት 1977 ደርግ ወረሰው። ጣቢያው ሲወረስና ብዙ ጸሎት ቤቶች ሲዘጉ መዝሙሩ ግን አልተዘጋም፤ በካሴት እየተገለበጠ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ዘማሪው ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ያህል ታሰረ፤ መዝሙሮቹ ግን እርሱ በእስር ሳለም ይዘመሩ ነበር። ያ ካሴት የተሠራጨው አከፋፋይ ድርጅት ስለ ነበረው ሳይሆን ሰው ስለ ፈለገው ነው።

ድንበር መሻገሩም አለ፤ አቅጣጫው ግን የተገላቢጦሽ ነው። በአሜሪካ ዝነኞቹ ከጸሎት ቤት ወደ ዓለም ወጡ። በኢትዮጵያ ሙሉቀን መለሰ በዘፈኑ ዓለም ስሙ ገንኖ ሳለ ዘፈንን ትቶ ዘማሪ ሆነ፤ በ2024 በአሜሪካ እስኪያርፍም ድረስ ወደ ዘፈን አልተመለሰም። ሒሩት በቀለም ያንኑ መንገድ ተከተለች። አማርኛ ሁለት ቃል ስላለው፣ መሻገር ማለት ስምን ጨምሮ መለወጥ ማለት ሆነ። አሜሪካዊቷ አሬታ ለሁለት ሌሊት ወደ ጸሎት ቤት ገብታ ተመልሳ ስትወጣ ማንም ስሟን አልቀየረባትም። የትኛው ይሻላል ብሎ መፍረድ የዚህ ንግግር ድርሻ አይደለም። ሆኖም የሙሉቀንን የቀድሞ ዘፈኖች የሚወድ አድማጭም፣ መዝሙሮቹን የሚወድ ምእመንም የሚያውቁት አንድ ነገር አለ፤ ያ ድምፅ አንድ ድምፅ ነው፤ ሙያውም አንድ ሙያ ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤

ከሦስቱ መንገዶች በክልከላ የመጣው ክልከላው ሲነሣ ሄደ። በገበያ የመጣው ዛሬ በማደግ ላይ ነው፤ ነገር ግን ገበያ የሰጠውን ገበያ ሊወስደው ይችላል። በዜማ የመጣው ግን ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላም ባላመነው ሰው ጕሮሮ ውስጥ ሳይቀር ይሰማል። ምክንያቱም ዶርሲም፣ ሮዜታ ታርፕም፣ አሬታም ሥራቸውን ያቀረቡት አስቀድሞ ለተስማማቸው አድማጭ ብቻ አልነበረም፤ ሙያቸውም የማይስማማውን አድማጭ ጭምር ቁጭ አድርጎ የሚያሰማ ነበር።

ስለዚህ አንድ የዚህ ማኅበር አባል መንፈሳዊ ሥራ እንዲሠራ ነገ ቢጠየቅ፣ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ ከፋዩ ሥራውን ሳያይ የወሰነው ፍጻሜ አለ ወይ? ካለ፣ ገጸ ባሕርዩ እውነተኛ መንገድ ሊሄድ አይችልም፤ ይህንም ውል ከመፈረሙ በፊት መናገር ይገባል። ሁለተኛው፣ ርእሱ ቅዱስ ስለ ሆነ ድምፁ ቢበላሽ፣ መብራቱ ቢደበዝዝ፣ ንግግሩ ቢኮላተፍ ይቅር ይባልልኛል ብሎ ማሰብ አለ ወይ? ካለ፣ በሎስ አንጀለስ ያልተመታችውን ሰሌዳ ማስታወስ ይበቃል። ሊቃውንቱ የያሬድን ዜማ ለተማሪ ሲያስተምሩ ዓላማው የተቀደሰ ስለ ሆነ ስሕተቱን አያልፉለትም፤ የተቀደሰ ስለ ሆነ ደጋግመው ያስጠኑታል እንጂ።